የቀረው የት ይወድቃል?

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ አንድ ሕንፃ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ነበር። አጠገቤ አንድ የዴሊቨሪ ሞተረኛ ቆሟል። ጃኬቱ ላይ የምሠራበት ድርጅት ምልክት አለ። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን መታወቂያ አየና፣

«እዚያ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሶፍትዌሩ ላይ ነኝ» አልኩት።

ስልኩን ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ አሳየኝ። ነጥቡ ወርዷል። ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ብሎ፣ «ኢንጅነር፣ ያ ነገር ዝናብ አያይም እንዴ?» አለኝ።

«ያ ነገር» ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ከአራት ደቂቃ በላይ ከቆመ ምልክት የሚሰጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስጽፈው ያሰብኩት ሌላ ነበር። አንድ ልጅ በሥራ ላይ እያለ ተገጭቶ፣ ቢሮው ሳያውቅ ብዙ ሰዓት አልፎ ስለነበር፣ ሞተር ባልታሰበ ቦታ ከቆመ ቶሎ ተደውሎ «ደህና ነህ?» እንዲባል ነው። ለጥቂት ወራትም የሠራው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ሌላ ቡድን ያንኑ ቁጥር ወስዶ ከሞተረኞቹ ነጥብ ጋር አገናኘው። የቆመ ሰው ነጥቡ ይቀንሳል፤ ነጥቡ የቀነሰ ሰው ትእዛዝ ቶሎ አይደርሰውም። ስብሰባው ላይ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም ነበርኩ፤ ዝም ብያለሁ።

ያን ቀን ለሞተረኛው የመለስኩለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እኔ እኮ ኮዱን ብቻ ነው የጻፍኩት።» ዝናቡ አባራና ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ይህን ዓረፍተ ነገር በሙያችን የማይል የለም። ዘመዱ ደግሞ የቢላዋው ምሳሌ ነው፤ ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል፣ ጥፋቱ የያዘው እጅ እንጂ የቢላዋው አይደለም። መሣሪያ ገለልተኛ ነው፣ በቃ። እኔም ለዓመታት አምኜበት ኖሬአለሁ። ያንን እምነት ያናጋብኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና ብዬ የሸመደድኩት፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ያላስታወስኩት አንድ ዕቃ ነው፦ ክላይስትሮን።

ክላይስትሮን በኤሌክትሮን ጅረት የሚሠራ የማይክሮዌቭ አምፕሊፋየር ነው። አምፕሊፋየር ስል ሠርግ ቤት ከስፒከሩ ጎን የሚቀመጠውን አስቡ፤ ትንሽ ድምፅ ይገባል፣ ትልቅ ድምፅ ይወጣል። ክላይስትሮንም ሥራው ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚያጎላው በሴኮንድ ቢሊዮን ጊዜያት የሚርገበገብ ሞገድ መሆኑና ጉልበቱ በሚሊዮን ዋት ሊቆጠር መቻሉ ነው።

የፈጠሩት ራስል እና ሲገርድ ቫሪያን የሚባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች ናቸው። ራስል ማንበብ ይከብደው የነበረ የፊዚክስ ሰው ነው። ሲገርድ ደግሞ የፓን አሜሪካን አየር መንገድ አብራሪ ሆኖ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ሰማይ ላይ የኖረ ሰው ነበር። ሌሊትና ደመና ለአብራሪ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጊዜው ደግሞ በአውሮፓ ጦርነት የሸተተበት ነው፤ በጨለማ ተደብቆ የሚመጣ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ማን ያየዋል የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ነሳው። በጨለማ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ለዚያ ዓይን ደግሞ አጭርና ጉልበት ያለው የሬዲዮ ሞገድ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያመነጭ ዕቃ ግን አልነበረም።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለ ደሞዝ አስጠጋቸው። ላቦራቶሪ፣ ለዕቃ መግዣ በዓመት 100 ዶላር፣ እንዲሁም ዊልያም ሃንሰን ከሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ጋር የመሥራት ዕድል ሰጣቸው፤ በምላሹ ከሚገኘው ጥቅም ግማሹ የዩኒቨርሲቲው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1937 በነሐሴ አካባቢ ዕቃው ሠራ። ስሙን የወሰዱት ማዕበል ዳርቻ ላይ ሲመታ ከሚገልጽ የግሪክ ቃል ነው።

አሠራሩን በሚኒባስ ላስረዳችሁ። ከአንድ ተርሚናል ታክሲዎች እኩል እኩል ጊዜ ጠብቀው እየወጡ ነው እንበል። መውጫው ላይ የቆመ ትራፊክ አንዱን ቀስ እንዲል፣ የሚቀጥለውን ፈጠን እንዲል በእጁ ያመላክታል። እዚያው ምንም ለውጥ አይታይም። ራቅ ብሎ ግን ከኋላ የወጡት ፈጣኖች ከፊት ያሉትን ቀርፋፎች ይደርሱባቸዋል፤ ታክሲዎቹ ተከማችተው በመንጋ ያልፋሉ፣ ከዚያ ባዶ መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ መንጋ። ክላይስትሮን ውስጥ ታክሲዎቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ካቶድ የሚባለው የጋለ ብረት ይለቃቸዋል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያፈጥናቸዋል፣ አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ይነጉዳሉ። ትራፊኩ ካቪቲ የሚባል ባዶ የመዳብ ክፍል ነው፤ ደካማው ሞገድ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ቱቦው መጨረሻ ላይ ሌላ ካቪቲ አለ። የኤሌክትሮን መንጋዎቹ በእሱ ሲያልፉ ፍሬን ይይዛቸዋል፤ ያጡት ጉልበት ሞገድ ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የትራፊኩ እጅ መኪናዎቹን አልገፋም። ጉልበቱ የራሳቸው ነው፤ እሱ ያደረገው መቼ እንደሚገናኙ መወሰን ብቻ ነው። አምፕሊፋየር ማለት ይኼ ነው። የሌላውን ጉልበት በትንሽ ምልክት መምራት። ሶፍትዌርም ከዚህ አይለይም። እኔ የጻፍኩት ጥቂት መስመር ኮድ አንዲትም ሞተር አልነዳም፤ የመቶዎችን ቀን ግን አቅጣጫ አስያዘ።

ታዲያ ክላይስትሮን ከተሠራ በኋላ ምን ሆነ? ብዙ ነገር ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር ከባዱን ጉልበት የሰጠው ማግኔትሮን የሚባለው ዘመዱ ቢሆንም፣ ትናንሽ ክላይስትሮኖች በራዳር መቀበያዎች ውስጥ ሠርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ስታንፎርድ ከኪሎዋቶች ወደ ሚሊዮን ዋቶች አሳደጉት። ወንድማማቾቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ከጓደኞቻቸው ጋር ኩባንያ አቋቋሙ። ያደጉት በማኅበር በሚኖር የካሊፎርኒያ መንደር ነው፤ አመለካከታቸውም ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር። ሆኖም ኩባንያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከያዛቸው ሥራዎች አንዱ ለአቶም ቦምብ ማፈንጃ የሚሆን ዕቃ ነበር። ቦምብ የሚሸከም አውሮፕላን በጨለማ እንዳይመጣበት የፈራው ሰው፣ ቦምቡ መቼ እንደሚፈነዳ ከሚወስነው ዕቃ ጋር ስሙ ተያያዘ።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ እዚያው ስታንፎርድ ውስጥ ሄንሪ ካፕላን የሚባለው ሐኪምና የክላይስትሮን ባለሙያው ኤድዋርድ ጊንዝተን የሠሩት የጨረር ሕክምና ማሽን የመጀመሪያ ታካሚውን ተቀበለ። ታካሚው የሁለት ዓመት ልጅ ነው። የዓይን ካንሰር አንዱን ዓይኑን ወስዶበታል፤ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጨረሩን በጠባቡ አነጣጥረው ሰጡት። ዓይኑ ተረፈ።

እንግዲህ ፍረዱ። ይኼ ዕቃ ጥሩ ነው መጥፎ?

ቢላዋው ላይ የሚቆመው ክርክር እዚህ ጋ ደስ ይለዋል። «አየህ፣ ያው ዕቃ ቦምብም አፈንድቷል፣ ልጅም አድኗል፤ ገለልተኛ ነው» ይላል። እኔ ግን የዕቃው ነገር ውስጥ በገባሁ ቁጥር ገለልተኛ የሚለው ቃል እየሸሸኝ ሄደ። ክላይስትሮን የመጣለትን ሁሉ አያጎላም። የካቪቲዎቹ ስፋትና ቅርፅ የትኛውን ሞገድ እንደሚሰማ፣ የትኛውን እንደማይሰማ አስቀድሞ ወስኗል። ከዚያች ጠባብ ክልል ውጭ ብትጮህበትም አይሰማህም። ምን ይሰማ፣ ምን አይሰማ የሚለውን በሚሊሜትር ለክቶ የወሰነ ሰው አለ። የእኔ ፕሮግራም የሞተሩን መቆም ይሰማል፤ የቆመበትን ምክንያት አይሰማም። ዝናቡን እንዳይሰማ የወሰነ ማንም የለም ልል እችላለሁ። ግን የሚሰማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የማይሰማውም አብሮ ተመረጠ።

ሁለተኛው መከላከያ ቅን ሐሳብ ነው። ቶማስ አኲናስ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ራስን ስለመከላከል ሲጽፍ፣ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል፣ አንዱ የታሰበ ሌላው ከሐሳብ ውጭ የሆነ፣ ድርጊቱም የሚመዘነው በታሰበው እንደሆነ ተከራክሯል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች አሻሽለውታል። ሐሳቡ ትርጉም አለው፤ ሰውን ሆን ብሎ መግጨትና ፍሬን እምቢ ብሎት መግጨት አንድ አይደሉም። እኔም የተገጨውን ልጅ አስቤ ነው የጻፍኩት። ግን «አላሰብኩትም» እና «ላስበው አልፈለግኩም» የሚሉት ሁለት ነገሮች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸውን ያሳየኝ የክላይስትሮኑ የመጨረሻ ክፍል ነው። ለፈተና ስናጠና የምንዘለው ክፍል።

ኮሌክተር ይባላል፤ ሰብሳቢ እንደ ማለት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ የሚያርፉበት የመዳብ ጽዋ ነው። ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም ጉልበቱ ሁሉ ሞገድ ስለማይሆን። ቁጥር ልስጣችሁ። በካሊፎርኒያ ያለው፣ 3.2 ኪሎሜትር የሚረዝመው የስታንፎርድ ማፍጠኛ 240 ገደማ ክላይስትሮኖች ተደርድረውበት ኖሯል። በ1980ዎቹ የተሠራለት ሞዴል በ350 ኪሎቮልት 414 አምፔር ያህል ጅረት ይለቃል። ስታባዙት ወደ 145 ሚሊዮን ዋት ይመጣል። ሞገድ ሆኖ የሚወጣው ግን 65 ሚሊዮን ነው። ሲገባ ጥቂት መቶ ዋት የነበረ ምልክት 65 ሚሊዮን ዋት ሆኖ ሲወጣ የሚያጨበጭብ ይበዛል። ስለቀረው 80 ሚሊዮን ማን ይጠይቃል?

ንድፍ አውጪው ይጠይቃል። ካልጠየቀ ዕቃው ይቀልጣል። ደግነቱ ጅረቱ የሚለቀቀው ለአጭር ቅጽበት ነው፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 3.5 ማይክሮሴኮንድ ብቻ። አማካዩ ሲሰላ ጅረቱ በሙሉ ወደ 60 ኪሎዋት ይሆናል። ቢሆንም ከ15 የማያንሱ የኤሌክትሪክ ምጣዶችን አንድ ላይ እንደ ማጋል ነው፤ ያለማቋረጥ ውሃ ካልዞረበት መዳቡ አይችለውም።

እኔን ያቆመኝ ግን የሚከተለው ሕግ ነው። ኮሌክተሩ የሚለካው ለ80 ሚሊዮኑ አይደለም፤ ለ145ቱም ነው። ምልክቱ አንድ ቀን ቢቋረጥስ? ያኔ መንጋ የለም፣ ፍሬን የለም፣ ሞገድ አይወጣም፤ ጅረቱ በሙሉ ጉልበቱ ኮሌክተሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የሚያሰላው ዕቃው እንደታሰበው ሲሠራ የሚተርፈውን ብቻ አይደለም። እንደታሰበው ባይሠራ የሚወድቀውን ሁሉ ነው። ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንዳይወድቅ ጅረቱን በሰፊው ግድግዳ ላይ ይበትነዋል፤ አንድ ነጥብ ላይ ካረፈ ይበሳዋልና።

የምህንድስና ትምህርት ቤት ይህን ለመዳብ አስተምሮናል። ለሰው አላስተማረንም፤ ወይም አስተምሮን እኛ አልሰማንም። እኔ ማጉያውን ሠራሁ። ምልክቱ ሲጠፋ፣ ማለትም «ደህና ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ ላይ ሲነሳ፣ የቀረው ጉልበት የት እንደሚወድቅ አላሰላሁም። ሳይሰላ ሲቀር ደግሞ ጉልበቱ አይጠፋም። የሚያርፍበትን ያገኛል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ላይ ነው፤ ያውም ሳይበተን፣ አንድ ነጥብ ላይ። በረንዳ ሥር ቆሞ ዝናብ የሚጠብቅ ልጅ ላይ።

ስለዚህ «መሣሪያው ጥሩ ነው መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ አሁን አሁን አይጥመኝም። የሚያስጨበጭብ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ማንንም ለምንም አያስገድድም። የሚያስገድደው «የቀረው የት ይወድቃል?» የሚለው ነው። ይህን የጠየቀ ሰው «አላወቅኩም» ማለት ይከብደዋል። ያልጠየቀ ደግሞ አለማወቁን ራሱ መርጦታል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንዲህ አለኝ፤ «እንደዚህ ካሰብክ ማንም ምንም አይሠራም። ቫሪያኖች ቦምቡን ፈርተው ቢተዉት ኖሮ ልጁ ዓይኑን ያጣ ነበር።» ልክ ነው። ክላይስትሮን ባይሠራ ይሻል ነበር አላልኩም፤ አልልምም። ግን ንግግሩ ውስጥ የተደበቀ አንድ የሂሳብ ስህተት አለ። የልጁ ዓይንና ቦምቡ በአንድ መዝገብ ተጽፈው የሚቻቻሉ አይደሉም። የዳነው ሰው ሌላ፣ የተጎዳው ሰው ሌላ ነው። የእኔ ፕሮግራም አንድ የተገጨ ሞተረኛ በጊዜ ሐኪም ቤት እንዲደርስ ረድቶ ይሆናል። ያ ለነጥቡ የወረደበት ልጅ ምኑ ነው? ከአንዱ ምስጋና ተቀብለህ የሌላውን ዕዳ አትከፍልበትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኛ ሙያ ውስጥ ደግሞ የወጋው መርሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያውም አያውቅም።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ያስቸግረኛል። ቫሪያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 የሆነውን ሁሉ እንዴት ሊያውቁ ይችሉ ነበር? አይችሉም። ሰው የልጅ ልጆቹን ሥራ ሊያሰላ አይችልም። ግን የ1937ቱ ክላይስትሮን እና የማፈንጃው ኮንትራት አንድ ቀን አልተሠሩም። በመካከሉ ዓመታት አሉ፤ ዕቃው እየተሻሻለ፣ አዲስ ሰው እየመጣ፣ አዲስ ወረቀት እየተፈረመ። ኃላፊነት በተፈጠረበት ቀን አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ግብር ሳይሆን፣ ዕቃው በተሻሻለ ቁጥር እንደገና የሚሰላ ነገር ይመስለኛል። ቮልቴጁ ሲጨምር ኮሌክተሩም እንደገና ይሠራል፤ በድሮው ሂሳብ አይኬድም። እኔም መጀመሪያ ስጽፍ ጥፋት አልነበረብኝ ይሆናል። ቁጥሩ ከነጥብ ጋር ሲገናኝ ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ዝም ያልኩት ያኔ ነው። ጥፋቴ ኮዱ ሳይሆን ዝምታው ነው።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትን ቦታም ልናገር። ሰው መዳብ አይደለም። መዳብ ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ሠንጠረዥ አለው፤ ነገም ያው ነው። ሰው ሠንጠረዥ የለውም። ሲችል የቆየው አንድ ቀን አይችልም፤ ደግሞ እየተቃጠለ ፈገግ ሊል ይችላል፣ እንደዚያ ሞተረኛ። ስለዚህ ለሰው ኮሌክተር ቢሮ ቁጭ ብሎ ማስላት አይበቃም። ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሄድኩ። ሁለት ቅዳሜ ከሞተረኞቹ ጋር ምግብ ቤቶች በር ላይ ዋልኩ። ለምን እንደሚቆሙ ጠየቅኳቸው። ዝናብ። የኮንዶሚኒየም ዘበኛ አላስገባ ብሎ። ደንበኛው ስልክ አያነሳም። ጎማ። አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽንት ቤት እኮ የለንም» አለኝ። ይኼ ሁሉ በእኔ ፕሮግራም አንድ ስም ብቻ ነበረው፦ «ቆሟል»።

ያገኘሁትን ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ድል አድርጌ ወጣሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ሁለት ነገር ተቀየረ፤ በከባድ ዝናብ ሰዓት የቆመና በር ላይ ደንበኛ የሚጠብቅ ነጥቡ አይቀንስም ተባለ። የቀረው «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ተይዟል። እኔም እዚያው እሠራለሁ። ሥራ ብለቅ ኅሊናዬ ይቀለኝ ይሆናል፤ ግን ያኔም የምጠይቀው ያው ጥያቄ ነው፤ የተውኩት ሥራ ማን ላይ ይወድቃል?

ሲገርድ ቫሪያን እ.ኤ.አ. በ1961 የራሱን አውሮፕላን እያበረረ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ፖርቶ ቫያርታ አጠገብ ተከስክሶ ሞተ። አብራሪ በጨለማ እንዳይጠፋ ብሎ የተነሳ ሰው ነበር። ከዚህ ትምህርት ላወጣ አልፈልግም፤ ሞት ትምህርት ለመስጠት አይመጣም። ብቻ የሠራነው ነገር እኛን እንኳ ሁልጊዜ እንደማያይ አስታወሰኝ።

ያን ሞተረኛ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ባገኘው «ያ ነገር ዝናብ ማየት ጀምሯል» እለው ነበር። ሽንት ቤቱን ግን ገና አያይም። እሱንም ልነግረው ይገባል።